«ሞተሩ ይውረድ» ብለውኛል፤ ልስማማ?

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ እንደምን አለህ? የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ተዛውሬአለሁ። ከቀበሌ ቀበሌ የምዞርበት የራሴ ሞተር አለኝ፤ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ የገዛሁት ነው። ቆላ እያለሁ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግን ጠዋት በመከራ ነው የሚነሳው። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ቤንዚን ይጠጣል። የባሰው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ ይንተፋተፍና ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ቆሜ ስሞክረው ይነሳል፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ይጠፋል። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ቀዳዳው ላይ ጣቱን አስቀመጠና አንዴ አስመታኝ። ከዚያ ‹አየር የለውም፣ ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ› አለኝ። የጠየቀኝ ብር የሁለት ወር ደሞዜ ነው። ካቴናውም ይንቋቋል። እኔ ራሴ ግቢ ውስጥ ላየው የምችለው ነገር አለ? ወይስ ልስማማ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አትስማሚ። መካኒኩ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ግን አንቺ የጻፍሽልኝ ምልክትና እሱ የነገረሽ በሽታ አልተገናኙልኝም።

ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው፤ እሱን የጨረሰ ሞተር ዘይት ያቃጥላል። ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ዘይቱም ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ያንቺ ጭስ ጥቁር ነው። ጥቁር ጭስ ደግሞ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ያለቀ ፋሻ አሥር ደቂቃ ስላረፈ አይድንም። ሞተርሽ ግን አርፎ ይነሳል።

የጣቱ ምርመራ ሲሊንደሩ አየር ምን ያህል እንደሚጨምቅ ለማየት ነው፤ ግን ብዙ አያስተማምንም። ሲመታ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ሲሊንደሩ በቂ አየር አይስብም፤ ደህናው ሞተር ሳይቀር ደካማ ይመስላል። አንዴ መምታትም አይበቃም። ከፍታውም አለ። ደብረ ብርሃን ላይ በደህና መለኪያ ቢለካ እንኳ ቁጥሩ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚታየው ዝቅ ይላል። ሞተሩ ስላረጀ አይደለም፤ የሚስበው አየር ስለሳሳ ነው።

እንደ እኔ ግምት ያሉብሽ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንዱ ከከፍታው ጋር የመጣው ነው፦ የጠዋቱ እምቢታ፣ ጥቁሩ ጭስ፣ የቤንዚኑ ጥማት። ሌላው መንገድ ላይ የሚያስቆምሽ ነው። ብዙ ሰው ያለ አግባብ ሞተር የሚያስወርደው እነዚህን ነገሮች አንድ በሽታ አድርጎ ሲያያቸው ነው። ለየብቻ እንያቸው። እስከዚያ ቴስታታውን፣ ማለት የሲሊንደሩን ክዳን፣ ማንም አይንካ።

ከከፍታው ልጀምር። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን አልፈሽ ስትመጪ የአየሩ ግፊት ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሷል። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራቶርሽ ግን ይህን አያውቅም። ለቆላው አየር የተመጠነውን ቤንዚን እዚህም ይለቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሳይቃጠል የቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል። ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ ደግሞ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት እሳት ለመስጠት ይለግማል።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ተቀበዪው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። አንቺ 1,500 ሜትር ወጥተሻል። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እንኳ ሸዋ ሮቢት ላይ የነበረው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። «ጉልበቱን እመልስልሻለሁ» ብሎ ሲሊንደር የሚያስቀይርሽ ሰው ቢመጣ ይህን አስታውሺ። ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ ማድረግ ከዚያ ይረክሳል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቺና እዪው። አንቺ የላም ድድና የዓይን ሽፋን ቀለም አይተሽ ደም ማነስ እንደምትጠረጥሪው ሁሉ ካንዴላም የውስጡን ይናገራል። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሆኖ ዘይት ዘይት ከሸተተ፣ ያኔ የፋሻ ወሬ ይነሳ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ይህኛው አደገኛ ነው፣ ሞተር ያቃጥላል። ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። የምታዪው ግን ጠዋት ለማስነሻ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ስበሽ ካስነሳሽው በኋላ ሳይሆን ጥሩ መንገድ ከሄድሽ በኋላ መሆን አለበት። ቾክ ተስቦ የሠራ ካንዴላ ሁሌም ጥቁር ነው።

ጥቁር ሆኖ ካገኘሽው ወዲያው ካርቡራቶር መፍታት አያስፈልግም። ከዚያ በፊት የሚታዩ ሁለት ቀላል ነገሮች አሉ። አንዱ ቾኩ ነው። ስትመልሺው በእርግጥ ይመለሳል? ጭቃና ዝገት ይዞት ግማሽ ላይ የቀረ ቾክ ልክ አንቺ የጻፍሻቸውን ምልክቶች ያመጣል። ሁለተኛው የአየር ማጣሪያው ነው። የሸዋ ሮቢትን አቧራ እንደተሸከመ መጥቶ ከሆነ አልገረምም። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ እጠቢው፣ ቀጥሎ በሳሙናና ውኃ፣ ከዚያ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። ሲደርቅ ትንሽ የሞተር ዘይት አፍስሺበትና ሁሉም ቦታ እንዲዳረስ በእጅሽ እሺው፤ ትርፉን ጨምቀሽ አውጪ። አትጠምዝዢው፣ ይቀደዳል። በቤንዚን አትጠቢው፤ ማጣበቂያውን ያላቅቃል፣ እሳትም ያመጣል። ዘይት ያልነካው ደረቅ ስፖንጅ አቧራን አይዝም፤ ያ አቧራ ገብቶ ነው ፋሻ የሚበላው። ማጣሪያው የወረቀት ከሆነ አይታጠብም። ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፣ ካልሆነ ይቀየራል።

ሁለቱ ደህና ሆነው ጭሱ ከቀጠለ ካርቡራቶሩ ለደጋ ይስተካከል። ውስጡ ጂግለር የሚባሉ ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ፤ ቤንዚኑ የሚመጠነው በእነሱ ነው። ለደጋ ዋናው ጂግለር በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር ይቀነሳል። ይህን መካኒክ ቢሠራው ይሻላል፤ ሥራው ግን ትንሽ ነው፣ ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። ጂግለር እስክታገኚ የጎን ማስተካከያዋን ብሎን መሞከር ትችያለሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሎኗ ያለችው ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የአየር ብሎን ናት፤ ስትላላ ቤንዚን ይቀንሳል። ወደ ሲሊንደሩ በኩል ከሆነች ግን የቤንዚን ብሎን ናት፤ ስትላላ ይጨምራል። ከመንካትሽ በፊት እስከ መጨረሻዋ ስንት ዙር እንደምትጠብቅ ቆጥረሽ ጻፊ። ስትደርስ በኃይል አትጫኛት፣ ጫፏ ይበላሻል። ሩብ ሩብ ዙር እያደረግሽ ሞክሪ። ደግሞ ብሎኗ የምታስተካክለው ሚኒሞውን (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚሠራበትን) እና የነዳጅ መስጫውን መነሻ ብቻ ነው። ዳገት ላይ የሚታየው ጭስ የዋናው ጂግለር ጉዳይ ነው።

አሁን ወደሚያጠፋሽ ችግር። እዚህ ጋ ረዘም ልበል፤ ገንዘብሽን የሚያድነው ይሄኛው ነው።

ሞተር ሞቆ የሚጠፋ፣ አርፎ የሚነሳ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከአራት አይበልጥም። ቤንዚን አይወርድም፣ ወይም እሳት ሲሞቅ ይጠፋል፣ ወይም ቫልቭ ሲሞቅ አይዘጋም፣ ወይም ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ታፍኗል። አራቱም አሥር ደቂቃ ካረፉ ሊሻላቸው ይችላል። ስለዚህ ስትጠብቂ ማስረጃው ይጠፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ አትጠብቂ። መንገድ ዳር አውጪውና ወዲያው ምርመራ ጀምሪ። የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ትንሽ ጠርሙስና ጨርቅ በቦርሳሽ ይኑሩ።

ከሁሉ በፊት የቤንዚን ጋኑን ክዳን ክፈቺ። ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ ነገሩን ሳታገኚው አትቀሪም። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በጭቃ ወይም በአቧራ ሲደፈን ቤንዚኑ በወረደ ቁጥር ጋኑ ውስጥ አየር ይጎድላል፤ በመጨረሻ ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ቆመሽ ስትጠብቂ አየር ቀስ እያለ ስለሚገባ እንደገና ይነሳል። ካንቺ ታሪክ ጋር በጣም የሚመሳሰለው ይሄ ነው። አንድ ሌላ ምልክት ልጨምርልሽ፦ ጋኑ ሙሉ ሲሆን ከሌላው ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ሙሉ ጋን ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሟጠጣል። መድኃኒቱ ክዳኑን አውልቆ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦና በአየር መንፋት ነው። ይኸው ነው። ለዚህ ሞተር አይወርድም።

ክዳኑን ከፍተሽም ካልተነሳ የካርቡራቶሩን ታች እዪ። ሥሩ ላይ የማፍሰሻ ብሎን አለ። ጠርሙሱን ደቅኚና አላሊው። ቤንዚን ሳያቋርጥ ከፈሰሰ አቅርቦቱ ደህና ነው። ትንሽ ፈስሶ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ከላይ ተዘግቷል፤ ወይ የቤንዚን መክፈቻው ወንፊት፣ ወይ ማጣሪያው፣ ወይ ከጋኑ ውስጥ የረገፈ ዝገት ነው። በጨረታ የተገዛ ሞተር ብዙ ጊዜ መጋዘን ቆሞ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የጋኑን ውስጥ በባትሪ መብራት እዪው፤ በክብሪት እንዳይሆን። ቤንዚኑ የጋለ ማርሚታ ላይ እንዳይፈስም ተጠንቀቂ።

ጠርሙሱን ትንሽ አስቀምጪና ተመልከቺው። ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይተኛል። በእጥረት ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር የምንገዛው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ነጭ ጋዝ ገብቶበት እንደሆነ በወረቀት ይታያል። ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣይና አድርቂው። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ያልቃል፤ ጋዝ ያለበት የቅባት ነጠብጣብ ትቶ ይቀራል።

ቤንዚን በደንብ ከወረደ ወደ እሳቱ እለፊ። ግን መጀመሪያ መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ እዪ። ስንት ሰው እሷ ተነክታበት ሞተሩን እስከ ጋራዥ ገፍቷል! ከዚያ ካንዴላውን በጨርቅ ይዘሽ ፍቺ፣ ይፋጃል። የካንዴላው ሽቦ ኮፍያ ላይ ሰክተሽ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኚውና አስመቺ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ራቅ አድርጊው፤ የቤንዚን ትነት ከዚያ ስለሚወጣ ሊቀጣጠል ይችላል። ማፍሰሻውን ከፍተሽ ቤንዚን አፍስሰሽ ከሆነም ብሎኑን አጥብቂ፣ እጅሽን ጥረጊ፣ ትንሽ ፈቀቅ በዪ። ሰማያዊና «ጧ» የሚል እሳት ጥሩ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ፣ መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ሞክሪ። አንድ መለዋወጫ ካንዴላ በቦርሳሽ ይኑር፤ ክፍተቱ 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። አዲሱም እሳት ከሌለው ኮፍያውን ጠምዝዘሽ አውልቂና የሽቦውን ጫፍ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠሽ መልሺ። ጫፉ ብዙ ጊዜ የዛገ ነው። ይህም ካልሠራና ሲበርድ ብቻ እሳቱ የሚመለስ ከሆነ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ቦቢና ወይም ሲዲአይ የሚባለው የእሳት መቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። እነዚህ አይጠገኑም፣ ይቀየራሉ። ከመግዛትሽ በፊት ግን እንዳንቺ ዓይነት ሞተር ካለው የሥራ ባልደረባ ለአንድ ቀን ተዋሺና ሞክሪ። መሥሪያ ቤቶች ተመሳሳይ ሞተር መግዛታቸው አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ካንዴላውን ስትፈቺ በቤንዚን ርሶ ካገኘሽው ሞተሩ ታፍኗል። ቾኩን መልሺ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ክፈቺና ብዙ ጊዜ ምቺው፤ ትርፉ ቤንዚን ይወጣል። ይህ ከላይ ያልኩትን የካርቡራቶር ጉዳይ ነው የሚያጠናክረው።

ቤንዚንም እሳትም ካለ የቫልቭ ክፍተት ይቀራል። ሞተር ሲሠራ የቫልቭ ወንበርና ቫልቭ እየተበላሉ ስለሚሄዱ ክፍተቱ እየጠበበ ይመጣል። ክፍተት ያጣ ቫልቭ ሲሞቅ ይረዝምና ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ያኔ መካኒኩ ያለው «አየር የለውም» እውነት ይሆናል፤ ፋሻው ግን ንጹሕ ነው! የሚገርመው እንዲህ ያለው ሞተር ድምፁ ያምራል። ጸጥ ያለ ቫልቭ ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም፤ ትንሽ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ይሻላል። የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በደንብ ሲበርድ ነው። ፒስተኑ ጨምቆ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ በጎን መስኮቱ የሚታየው ምልክት ቦታው ላይ ይቆማል፤ የትኛው ምልክት እንደሆነ ከመመሪያው እዪ። ሁለቱም ቫልቮች በዚያ ሰዓት መላላት አለባቸው። ካልላሉ አንድ ዙር ጨምሪ። በዚህ መጠን ባሉ ሞተሮች የመግቢያው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር፣ የመውጫው ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር መካከል ነው። የራስሽን ሞተር ቁጥር ከመመሪያው ላይ ውሰጂ። ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት (ፊለር ጌጅ) ትንሽ እየያዘ መንሸራተት አለበት። እጅሽ ካልደፈረ ለመካኒኩ «ቫልቭ አስተካክልልኝ» በዪው፤ ሞተር ሳይወርድ የሚሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ፋሻው እንመለስ፣ በጣት ሳይሆን በመለኪያ። ነዳጅ መስጫው ተከፍቶ፣ ቁጥሩ መጨመር እስኪያቆም ይመታ፤ ይጻፍ። ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖለታል ማለት ነው፤ መካኒኩ ልክ ነበር። ካልጨመረ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው።

ካቴናው። ብዙ ሰው ሲንቋቋ ያጠብቀዋል፤ ከላላ ካቴና ይልቅ የጠበቀው ብዙ ጥፋት ያመጣል። አንቺ ስትቀመጪ የኋላው ጎማ ወደ ላይ ይወጣና ካቴናው ይወጠራል። ሲጠብቅ የማርሹን ኩሽኔታ ይጎትተዋል፣ ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር መሐል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መወዛወዝ አለበት። ጎማውን እያዞርሽ በብዙ ቦታ ለኪ፤ አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ከጠበቀ ካቴናው እኩል አላረጀም፣ መቀየሩ ነው። የኋላውን ጥርስም እዪ። ጫፉ እንደ መንጠቆ ከተጣመመ ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ የፊቱ፣ የኋላውና ካቴናው አብረው ይቀየራሉ። ለማጽዳት ነጭ ጋዝና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ዘይት የምትቀቢው ከጉዞ ስትመለሺ፣ ሞቅ እንዳለ ነው። የማርሽ ዘይት ይሆናል። ጎማውን በእጅሽ አዙሪ። ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ካቴና የሚያጸዳ ሰው ታዪ ይሆናል፤ እንዲህ ሲያደርጉ ጣታቸው የተቆረጠ አሉ። ካቴናው በቅንጥብ የሚያያዝ ከሆነ የቅንጥቡ ክፍት ጫፍ ካቴናው ከሚሄድበት አቅጣጫ በተቃራኒ መሆን አለበት፤ በግልባጩ ከገባ መንገድ ላይ ይወልቃል።

ስለ ዘይት አጭር ነገር። እንዲህ ያለ ሞተር የሚይዘው አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያ አንድ ሊትር ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም ያጠጣል። ስለዚህ የመኪና ዘይት ሁሉ አይሆነውም፤ አንዳንዱ የሚያንሸራትት ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የሞተር ሳይክል ደረጃ ፈልጊ። በአቧራ መንገድ ለሚሠራ ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ብትቀይሪው ጥሩ ነው። መጠኑን ስታዪ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ በጎን መቆሚያው አዘንብሎ ሲታይ ያታልላል። ማፍሰሻውን ብሎን ደግሞ በጉልበት አታጥብቂው። የገባበት አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ይላጣል።

ባትሪው ከደከመ የብርዱ ጠዋት ሥራ እጥፍ ይሆናል። በቴስተር ለኪው፦ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው 14 አካባቢ ካልወጣ ባትሪው አይሞላም። ለጊዜው ግን በእግርሽ መርገጥ ትችያለሽ፤ ለካርቡራቶር ሞተር ይህ ትልቅ በረከት ነው።

የቀረው ከመውጣትሽ በፊት በዓይን የሚታይ ነው። ራጂዎቹን በካቻቢቴ መታ መታ አድርጊ፤ አንዱ ድምፁ ከሌሎቹ ከተለየ ላልቷል። የጎማው መንፊያ ቀጥ ብሎ ካልቆመና ካዘነበለ የውስጥ ጎማው እየተንሸራተተ ነው። የኋላውን የፍሬን ሸራ ማለቅ የሚያሳየውን ጠቋሚ እዪ። ስታጥቢው በኃይለኛ ውኃ ኩሽኔታዎቹን አትምቺ፣ የጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አትድፊ። ደግሞ መፍቻ ስትገዪ ካቻቢቴው ላይ አትቆጥቢ። የጃፓን ሞተር የመስቀል ብሎኖች ቅርጻቸው ከተለመደው ትንሽ ስለሚለይ ርካሽ ካቻቢቴ ይልጣቸዋል፤ ከዚያ የካርቡራቶሩን ሥር መክፈት ራሱን የቻለ ፈተና ይሆናል። ለቤንዚን ሥራ ደግሞ ከሰል የተቀጣጠለበት ግቢ ጥግ አትቀመጪ።

ጋራዥ ስትመለሺ ምልክቱን በወረቀት ይዘሽ ሂጂ። «ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቻለሁ፣ እንዲህ ሆኗል፤ ቤንዚን ይወርዳል፤ እሳት አለ ወይም የለም» በዪው። ይህን የሚሰማ መካኒክ «ይውረድ» ለማለት አይቸኩልም። የሚያሾፍብሽ ከሆነ ሌላ ጋራዥ አለ። መጨረሻ ላይ በመለኪያና በዘይቱ ሙከራ ፋሻው መሆኑ ከተረጋገጠ ይውረድ፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ግን የሚቀየረው ዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ከመፈታቱ በፊት ይጻፍ። ሲሊንደሩም ይለካ፤ ሲሊንደሩ ከተበላ አዲስ ፋሻ ብቻውን ብዙም አይቆይም። ሥራው ሲያልቅ የወጣውን አሮጌ ፋሻና ጓርኒሲዮን ሁሉ በላስቲክ አድርገው በእጅሽ ይስጡሽ።